በፈረስ ውርንጭላ ላይ የሚታይ ክለብ ፉት፦ መንሥኤውን የመለየትና የማከም ዝርዝር መመሪያ

የአንድ ውርንጭላ አንዱ የፊት ሰኮና ከሌላው ይልቅ ቀጥ ብሎ መቆም ሲጀምር ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያየው ሰኮናውን ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚያነሣውም ሞረድ ነው። ችግሩ ግን የሚጀምረው ከሰኮናው ሳይሆን ከላይ፣ ከጉልበት በላይ ካለው ጡንቻ ነው፤ የሰኮናው ቅርጽ የዚያ ጉተታ ውጤት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የዘነጋ ሰው ተረከዝ እየከረከመ ወራት ያሳልፋል፤ ውርንጭላው ደግሞ በስድስት ወሩ የጉልምስና ቁመቱን አራት አምስተኛ ያህል ስለሚደርስ የሚያባክነው ወር የለውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰኮና መከርከምን የሚያነሣው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈለገው ጡንቻው ለምን እንደተኮማተረ ማወቅ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በሰው ልጅ ላይ ቆልማማ እግር የሚባለው ሕመም እግሩ ወደ ውስጥ የሚዞርበት ነው። በፈረስ ላይ በተመሳሳይ ስም ይጠራ እንጂ ክለብ ፉት እግሩ የሚጠመዘዝበት ሕመም አይደለም፤ ሰኮናው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የሚቆምበትና ተረከዙ ከፍ የሚልበት ነው። ብዙዎች «ጅማቱ አጥሯል» ይላሉ፤ አባባሉ ግን ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም በአብዛኛው ጅማቱ ራሱ አላጠረም።

እግሩ ውስጥ የሚሆነው

በፊት እግር ኋላ፣ ከጉልበቱ በላይ፣ እግሩን የሚያጥፍ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ጥልቁ አጣፊ ጅማት ይሆንና በጉልበቱ ጀርባ፣ ከዚያም በቅልጥሙ ጀርባ አልፎ፣ ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ ዞሮ፣ ሰኮናው ውስጥ ባለው የመጨረሻ አጥንት ግርጌ ላይ ይጣበቃል። ከጉልበቱ ጀርባ የሚነሣ ሌላ አጭርና ጠንካራ ማሰሪያ ደግሞ በቅልጥሙ መሃል ላይ ከዚሁ ጅማት ጋር ይቀላቀላል። ሥራው ጅማቱ ከልክ በላይ እንዳይለጠጥ እንደ ልጓም መያዝ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ገቺ ጅማት እለዋለሁ፤ ስለ ቀዶ ሕክምና ስናወራ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ጡንቻው ተኮማትሮ ሲቆይ ጅማቱ የሰኮናውን አጥንት ከኋላ ይጎትተዋል፤ አጥንቱ ወደ ኋላ ይሽከረከርና ጫፉ ወደ መሬት ያመለክታል፣ ተረከዙም ከመሬት ለመነሣት ይሞክራል። ክብደት ያልወረደበት ተረከዝ ሳያልቅ ያድጋል፤ ክብደት ሁሉ የወረደበት የሰኮናው ጫፍ ደግሞ ይፈጫል። የውርንጭላ ሰኮና በወር 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ይህ ሁሉ ለውጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዓይን የሚታይ ይሆናል።

መንሥኤው በዕድሜ ይለያያል

ከውልደት ጀምሮ የሚታየውና በኋላ የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሕክምናቸውም እንዲሁ ይለያያል።

ሲወለድ እግሩ የታጠፈ ውርንጭላ በማሕፀን ውስጥ የነበረው አቀማመጥ ሊሆን ይችላል ምክንያቱ፤ ባዝራይቱ በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው መርዛማ ተክል፣ ያጋጠማት ሕመም፣ የውርንጭላው የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ እንዲሁም ውርስ ተጠቃሽ ናቸው። በእውነቱ ከሆነ በአንድ የተወሰነ ውርንጭላ ላይ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መናገር የሚቻለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። መልካሙ ነገር ቀላሎቹ በቀናት ውስጥ በራሳቸው ወይም በትንሽ እርዳታ መስተካከላቸው ነው።

በኋላ የሚመጣው፣ ማለትም ደህና ሆኖ በተወለደ ውርንጭላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወር እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ የሚታየው፣ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው። ለዚህ ሁለት ዋና ማብራሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ሕመም ነው፤ እግሩን የሚያመው እንስሳ ክብደቱን ከዚያ እግር ላይ ለማንሣት በደመ ነፍስ ጡንቻውን ያጥፋል፣ ይህም ለቀናትና ለሳምንታት ከቀጠለ ጡንቻው በአጠረበት ይቀራል። ሕመሙ ከሰኮና ውስጥ መግል፣ በደረቅና ጠጠራማ መሬት ላይ ከመሮጥ ከመጣ ቁስለት፣ ከአጥንት ማደጊያ ቦታዎች ብግነት ወይም ከትከሻ መገጣጠሚያ የልም አጥንት ጉዳት ሊመነጭ ይችላል። ሁለተኛው የዕድገት ፍጥነት ነው፤ የቅልጥሙ አጥንት በፍጥነት ሲረዝም ጡንቻውና ጅማቱ በዚያው ልክ መከተል ያቅታቸዋል፤ ገቺው ጅማትም አጥሮ ስለሚቀር ጥልቁን ጅማት ወደ ላይ ይይዘዋል። ብዙ ወተት የምትሰጥ ባዝራ፣ ብዙ እህል፣ እንዲሁም ተርቦ ከቆየ በኋላ በድንገት የተቀለበ ውርንጭላ እዚህ ላይ ይነሣሉ።

ሦስተኛም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም እንጂ። አንገቱ አጭር፣ እግሩ ረጅም የሆነ ውርንጭላ ሣር ለመጋጥ ሲል አንዱን የፊት እግር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፤ ሁልጊዜም ያንኑ እግር ወደ ኋላ ካደረገ፣ የኋለኛው ሰኮና እየቆመ፣ የፊተኛው እየተንጋለለ ይሄዳል። ግጦሽ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ መመልከት ይህን ለመለየት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ በትክክል መመርመር

ውርንጭላው በደረቅና በተስተካከለ ጠንካራ ወለል ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ጭቃና ጭድ ዓይንን ያታልላሉ። እናቱ ፊት ለፊቱ ትቁም፤ የሚንቆራጠጥ ውርንጭላ እግሩን ስለሚያጥፍ ምንም አይነግርዎትም። አንድ ሰው ደረቱንና ኋላውን አቅፎ ይያዘው፤ እርስዎ ከጎኑ በርከክ ብለው ዓይንዎን ከሰኮናው እኩል ያውርዱ። ከቁመትዎ ሆኖ ወደ ታች መመልከት የአምስት ዲግሪ ልዩነትን ይደብቃል፤ በርከክ ብሎ ማየት ይገልጠዋል።

ከዚያ የሚታየው የሰኮናው የፊት ገጽና ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ሰኮናው ያለው ክፍል የሚሠሩት መስመር ነው። በጤናማ እግር ሁለቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። በክለብ ፉት ግን መስመሩ ፀጉሩ አብቅቶ ሰኮናው በሚጀምርበት ላይ ወደ ፊት ይሰበራል፤ እዚያው ላይም ቆዳው ሞላ ብሎ፣ እንደ ትንሽ ቀለበት ያበጠ መስሎ ይታያል። ይህች ሙላት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የምትቀድም ምልክት ናት። በጣትዎ ይዳስሷት፤ ከሌላው እግር ጋር ያወዳድሯት።

አሁን ቀጭን ካርድ ወይም የታጠፈ ወረቀት ወስደው ከተረከዙ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ። ካርዱ ሳይቸገር ከገባ ተረከዙ መሬት አልነካም ማለት ነው፤ ይህ በዓይን ብቻ ሊያመልጥ የሚችል ነገር ነው። ቀጥሎ እግሩን አንሥተው የሰኮናውን ግርጌ ይመልከቱ። ጫፉ የተፈጨና የተደመደመ፣ ተረከዙ ግን የቀድሞው ጠርዝ ሳይነካ የቀረ ከሆነ ውርንጭላው ለሳምንታት በጫፉ ሲሄድ እንደነበር ያሳያል። በሰኮናው ግድግዳ ላይ ያሉትን የዕድገት መስመሮችም ይቁጠሩ፤ በተረከዙ በኩል ከጫፉ ይልቅ የተራራቁ ከሆነ ተረከዙ ከጫፉ ቀድሞ እያደገ ነው።

በመጨረሻ እግሩ መሬት ላይ እንዳለ የቅልጥሙን ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይያዙ። ከላይ ወደ ቆዳው የሚቀርበው ጅማት ላላ ብሎ፣ ከእርሱ ሥር ወደ አጥንቱ የሚቀርበው እንደ ተወጠረ ገመድ ከሆነ ችግሩ ከጥልቁ አጣፊ ጅማት ነው። ውርንጭላው ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት እየተደፋ የሚቆም ከሆነ ግን ያ ሌላ ዓይነት ነው፤ የላይኛው አጣፊ ጅማት የሚሳተፍበትና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት አካባቢ ዕድሜ የሚታይ ስለሆነ በዚህ መመሪያ አልተካተተም።

ከጎን፣ በሰኮናው ከፍታ ልክ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሁለቱንም እግሮች ፎቶግራፍ ያንሡ። ማስታወስ የሚያታልል ነገር ነው፤ «ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም» የሚለውን የሚፈታው ፎቶው ነው።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል እንደከፋ መለየት

የጤናማ ጎልማሳ ፈረስ የፊት ሰኮና ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን በአብዛኛው ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ነው፤ የውርንጭላ ጥቂት ከፍ ይላል። በሰኮና ሕክምና የታወቀው አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ሪክ ሬደን አራት ደረጃ ያለው መለኪያ ሠርቷል፤ ብዙ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። በመጀመሪያው ደረጃ የታመመው ሰኮና ከሌላው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ ይቆማል፣ ከላይ የጠቀስኩት ሙላትም ይታያል። በሁለተኛው ልዩነቱ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ይደርሳል፤ ተረከዙ እንደ ጤናማው ልክ ሲከረከም መሬት አይነካም። በሦስተኛው የሰኮናው የፊት ገጽ መሃሉ ገብቶ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፣ በራጅም የሰኮናው አጥንት ጫፍ መሳሳትና መጠምዘዝ ይታያል። በአራተኛው ማዕዘኑ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ተረከዙና ጫፉም ከፀጉሩ መስመር ሲለኩ ቁመታቸው እኩል ይሆናል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ቀላል ድንበር አለ፤ እርሱም 90 ዲግሪ ነው። የሰኮናው የፊት ገጽ ከመሬት ጋር ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ፣ ማለትም 90 ዲግሪ እስኪደርስ፣ የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። ገጹ ከ90 ዲግሪ አልፎ ወደ ፊት ከተደፋ ግን መገጣጠሚያውን የሚያቅፉት ክፍሎችም እየደረቁ ስለሚሄዱ ሕክምናው ከባድ፣ ውጤቱም ደካማ ይሆናል።

ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ለሆነ ማንኛውም ውርንጭላ ከጎን የሚነሣ ራጅ ሊዘለል አይገባም። ሰኮና ከውጭ የሚያሳየው ከውስጥ ካለው አጥንት የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ራጅ ሳይነሣ ብዙ ተረከዝ መከርከም ዓይንን ጨፍኖ እንደ መቁረጥ ነው።

ደረጃ 3፦ ሕመሙን መፈለግ

ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል የምለው ደረጃ ይህ ነው። ሕመሙ ሳይወገድ የተስተካከለ ሰኮና በወር ውስጥ ተመልሶ ይቆማል።

ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። በሰኮናው ላይ መዳፍዎን አድርገው ሙቀቱን ከሌላው ጋር ያወዳድሩ፤ በጫፉ ግርጌ ላይ በጣት ሲጫኑት የሚያፈገፍግ ከሆነ መቁሰል ወይም መግል ይጠርጥሩ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይና ከጉልበቱ በላይ፣ አጥንቱ በሚሰፋበት ቦታ፣ ሞቃትና ጠንካራ እብጠት ካለ የአጥንት ማደጊያ ቦታው ተቆጥቷል። ከዚያ ትከሻውን ቀስ ብለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱ፤ የትከሻ ሕመም ከታች ባለው ሰኮና ላይ ቅርጹን የሚጥል ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዘግይቶ ነው። በዚያው እግር ላይ ያለ የቆየ ቁስል ወይም የተሰበረ አጥንትም ክብደት እንዳይወርድበት በማድረግ ተመሳሳይ ሰኮና ሊፈጥር ይችላል።

የእንስሳት ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ሁለት ጥቅም አለው፦ ውርንጭላው እግሩን እንዲረግጥበት ያደርጋል፣ ደግሞም መርመሪያ ነው። በማስታገሻው ላይ እያለ ተረከዙ ወርዶ ካርዱ መግባት ካቆመ ሕመሙ ዋናው ምክንያት እንደ ነበር በግልጽ ይታያል። ነገር ግን ፌኒልቡታዞንና ፍሉኒክሲን የመሳሰሉት መድኃኒቶች በውርንጭላ ላይ የጨጓራ ቁስለት ያስከትላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ መጠኑም ጊዜውም በሐኪም ይወሰን። የጎልማሳ ፈረስን መጠን በግምት ከፍሎ መስጠት ከባድ ስሕተት ነው።

ደረጃ 4፦ መኖን ማስተካከል

ግቡ ዕድገቱን ማርገብ እንጂ ማቆም አይደለም። እየጠባ ያለ ውርንጭላ ከሆነ የባዝራይቱን እህል መቀነስ ወተቷን ያቀንሳል፤ ውርንጭላው ከእናቱ ገንዳ እየሰረቀ የሚበላ ከሆነ ገንዳው ከፍ ይበል። አራት ወር ያለፈውና በፍጥነት እየፋፋ ያለ ውርንጭላን ቀደም ብሎ ጡት ማስጣል ሐኪሙ ሊመክር የሚችለው ነገር ነው።

እህልና ፉሩሽካ ፎስፈረሳቸው ብዙ፣ ካልሲየማቸው ጥቂት ነው፤ በእነርሱ ብቻ የሚቀለብ ውርንጭላ አጥንቱ በትክክል አይገነባም። ካልሲየም ምንጊዜም ከፎስፈረስ በላይ መሆን አለበት፤ አንድ ተኩል ለአንድ የሆነ ምጥጥን ጥሩ መነሻ ነው። አልፋልፋ የካልሲየም ምንጭ በመሆኑ እህሉን ሲቀንሱ ጉድለቱን ይሞላል፣ መጠኑ ግን ይለካ፤ ጉልበትና ፕሮቲንም ስለሚበዛበት። መዳብና ዚንክ ለልም አጥንት ጤና ያስፈልጋሉ፤ ለሚያድግ ፈረስ የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ከእህል ተለይቶ መስጠት ይቻላል። ማዕድንን በግምት ማብዛት ግን የአንዱ ብዛት የሌላውን መመጠጥ ስለሚያግድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

መኖውን በአንድ ጊዜ ቆርጠው ውርንጭላውን እንዲከሳ ማድረግ የለብዎትም። ከክሳት በኋላ የሚመጣው የዕድገት ግፊት ሊያስወግዱት የፈለጉትን ችግር ራሱን መልሶ ያመጣል። የደረቱን ዙሪያ በሜትር በየሁለት ሳምንቱ እየለኩ መመዝገብ ዕድገቱ በእኩል ፍጥነት መሄዱን ለመከታተል ቀላሉ መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ እንቅስቃሴ

በዚህ ላይ ሐኪሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይናገሩም፤ ልዩነቱ የሚመጣው ግን ሕመም መኖር ወይም አለመኖሩን ካለመለየት ይመስለኛል። ሕመም ያለበት ውርንጭላ ሰፊና ንጹሕ፣ ለስላሳ ጉዝጓዝ በተነጠፈበት ቦታ ይቆይ፤ በደረቅ መሬት ላይ ከእናቱ ኋላ መሮጡ የሰኮናውን ጫፍ በየቀኑ ያቆስላል። ሕመሙ ከተወገደ በኋላ ግን በየቀኑ በለሆሳስ እየተመራ መሄዱ ጡንቻውን ያለጥጣል። ፈረሱ ራሱ በሚሸከመው ክብደት የሚመጣው መለጠጥ በእጅ ከሚደረገው ሁሉ ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ ሰኮናውን መሥራት

አሁን ሞረድ ይነሣ። ሥራው የሰኮና ባለሙያና የእንስሳት ሐኪም በመነጋገር የሚሠሩት ነው፤ ባለቤቱ ግን ምን እየተደረገ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የሚከረከመው ተረከዙ ብቻ ነው። ሞረዱ ሰኮናው በሚሰፋበት መሃል ላይ ይጀምርና ወደ ኋላ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ጫፉ በራሱ ስላለቀ አይነካም። ጥቂት ምት ሞርደው እግሩን መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ ካርዱን ከተረከዙ ሥር ይሞክሩ። ካልገባ ጥቂት ጨምሮ መሞረድ ይቻላል። ገባ ማለት ግን ጡንቻው የሚፈቅደው ልክ እዚያ ላይ አብቅቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ምት ተረከዙን ከመሬት ይበልጥ ያርቀዋል፣ የሰኮናውን ግድግዳ ከአጥንቱ ጋር በሚያያይዙት ቅጠል መሳይ ክፍሎች ላይም ጉተታውን ያበዛዋል። ሥራው በየ10 ወይም በየ14 ቀኑ ይደገማል። በአንድ ቀን ሰኮናውን ከሌላው እኩል ለማድረግ መሞከር የተለመደው ስሕተት ነው፤ ውርንጭላው በማግስቱ አንካሳ ሆኖ ይገኛል፣ አዲሱ ሕመምም ጡንቻውን እንደገና ያኮማትረዋል።

ጫፉ ከተፈጨ ወይም ከቆሰለ በሰኮና ማጣበቂያ የተሠራ መከላከያ ይደረግበታል። መከላከያው ከጫፉ ጥቂት ወደ ፊት እንዲወጣ ሲደረግ እግሩ ከመሬት የሚነሣበትን ቅጽበት ስለሚያዘገይ ጅማቱን በየእርምጃው ይለጥጠዋል። ይህ የሚሠራው ግን ተረከዙ መሬት በሚነካ ሰኮና ላይ ብቻ ነው። ተረከዙ በአየር ላይ ባለ ሰኮና ላይ የጫፍ ማስረዘሚያ ማድረግ የሰኮናውን የፊት ግድግዳ ከአጥንቱ የሚያላቅቅ ምሳር ይሆናል። ማጣበቂያው ሲደርቅ እንደሚሞቅም አይዘንጋ፤ በቀጭኑ የውርንጭላ ሰኮና ላይ በስሱ መደራረብ ይሻላል። ተጣብቆ የሚቀር ነገር ሁሉ የሚያድገውን ሰኮና ስለሚያጠብ ከሁለት ሳምንት ብዙም ሳይዘገይ መነሣት ወይም መታደስ አለበት።

አዲስ ለተወለደ ውርንጭላ

እዚህ ሰዓቱ በቀናት ይቆጠራል። እግሩ ታጥፎ መቆም ያቃተው ውርንጭላ ከእግሩ በፊት የሚያስፈልገው እንገር ነው፤ አንጀቱ የመከላከያ ንጥረ ነገሮችን የሚመጠው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ አቅሙ በየሰዓቱ ይቀንሳል። መቆም ካልቻለ እንገሩ ታልቦ ይሰጠው።

ቀላል ከሆነ በሚችለው መጠን መቆሙና መራመዱ ብቻውን ይበቃዋል። ጠንከር ካለ ሐኪሙ በደም ሥር ኦክሲቴትራሳይክሊን ይሰጣል። መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ግራም ሲሆን፣ በሳላይን ተበርዞ በዝግታ ይገባል፤ ይህም ለተሕዋስያን ከሚሰጠው መጠን ብዙ እጥፍ ነው። መድኃኒቱ እዚህ የሚሰጠው ኢንፌክሽን ለማከም ሳይሆን፣ በጅማቱና በጡንቻው ያሉ ሴሎች የኮላጅን ክሮችን እንዳያጠብቁ በማድረግ እንዲለቁ ለማገዝ ነው። ውጤቱ የሚታየው በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሰጥ በደንብ ይሠራል፣ ዕድሜው ሲጨምር ኃይሉ ይቀንሳል። ፈሳሽ ያነሰው ውርንጭላ ላይ ኩላሊትን ሊያከሽፍ ስለሚችል ውርንጭላው በደንብ እየጠባና እየሸና መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ሐኪምም ሳይኖር አይሞከርም። በጤናማው እግር ላይ ያሉት ጅማቶችም አብረው እንደሚላሉ አስቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል።

ፋሻና መደገፊያ ሲታሰሩ ጥጡ ወፍራም ይሁን፤ የውርንጭላ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ይቆስላል። በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ፈትቶ ማየትና ለጥቂት ሰዓታት ያለ መደገፊያ ማቆየት ግዴታ ነው። በጉልበቱ ፊት በስተውጭ በኩል እንደ ውኃ ፊኛ ያለ እብጠት ካዩ ደግሞ እግሩን የሚዘረጋው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ያሳዩ፤ በታጠፉ እግሮች ላይ አብሮ የሚመጣ ጉዳት ነው።

ደረጃ 7፦ ቀዶ ሕክምና መቼ?

ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በመኖ፣ በሕመም ማስታገሻና በሰኮና ሥራ ከታገሉ በኋላ በየሳምንቱ የተነሡት ፎቶግራፎች መሻሻል ካላሳዩ፣ ወይም ማዕዘኑ እየጨመረ ከሄደ፣ መጠበቅ ራሱ ጉዳት ነው። ቀዶ ሕክምናው ገቺውን ጅማት መቁረጥ ነው፤ ጥልቁ አጣፊ ጅማት ግን አይነካም። ገቺው ሲለቅ ጥልቁ ጅማት ከጡንቻው ጋር የመለጠጥ ነፃነት ያገኛል፣ ተረከዙም ይወርዳል። በሙሉ ማደንዘዣ የሚደረግ፣ ልምድ ላለው ሐኪም ረጅም ጊዜ የማይወስድ ሥራ ነው።

የተሻለው ዕድሜ ከ8 ወር በታች ያለው ነው፤ ዓመት ከሞላ በኋላ ሰኮናውም አጥንቱም ቅርጻቸውን ስለያዙ ጥቅሙ ይቀንሳል። ተረከዙ የሚከረከመው በዚያው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ነው፤ ካልተከረከመ የተገኘው ልቀት በከንቱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕመም ማስታገሻ፣ በጠበቀ ፋሻና ከጥቂት ቀናት ጀምሮ በእጅ እየተመራ በሚደረግ አጭር ጉዞ ይያዛል። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ላይ የሚቀር ወፍራም ጠባሳ ሊኖር ይችላል፤ ለዓይን እንጂ ለእግሩ ችግር አይሆንም። በጊዜ የተደረገላቸው ብዙዎች ኋላ ለግልቢያም ለውድድርም ይበቃሉ።

ከ90 ዲግሪ ላለፈ ሰኮና ጥልቁን አጣፊ ጅማት ራሱን መቁረጥ ይቀራል። ይህ እንስሳውን ከሕመም ለማሳረፍ የሚደረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈረሱ ለከባድ ሥራ ይበቃል ብሎ ለባለቤቱ ተስፋ መስጠት አይገባም።

ቀሪ ዕድሜውን ስለ መያዝ

ቀለል ያለ የክለብ ፉት ቅሪት ይዘው ያደጉ ፈረሶች ብዙ ናቸው፤ በደንብ ከተያዙም ይሠራሉ። ጎልማሳውን ፈረስ ሁለቱ ሰኮናዎቹ እንዲመሳሰሉ ማስገደድ ግን ትርጉም የለውም፤ አጥንቱ ቅርጹን ስለያዘ የሚመሳሰለው የውጩ ብቻ ነው፣ ፈረሱም ያነክሳል። ከዚያ ይልቅ እያንዳንዱ ሰኮና እንደየራሱ አጥንት ይሠራ፤ ሥራውም በየ4 እስከ 6 ሳምንት ይደገም። ቀጥ ባለው ሰኮና ላይ የጫፉ ግርጌ ቀጭን ሆኖ ስለሚቀር ለመቁሰልና ለመግል ይጋለጣል፤ ግድግዳው ከግርጌው ጋር በሚገናኝበት ነጭ መስመር ላይ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጠባቡ ተረከዝ ውስጥም እርጥበትና ቆሻሻ ተይዞ የሚሸት ብስባሴ ይበቅላል። እነዚህን ሦስት ቦታዎች በየቀኑ ሰኮናው ሲጠረግ መመልከት ይበቃል።

አንዲት ባዝራ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ውርንጭላ ከወለደች፣ መኖውም መሬቱም ተስተካክሎ ሳለ ከተደገመ፣ የውርስ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ያን ጊዜ ከመንጋው ውስጥ የትኛዋን ማስረገዝ እንደሚገባ ሲወሰን ይህ ታሪክ በመዝገብ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ በቀዶ ሕክምና የተስተካከለ ድንጉላ ሲገዛም ገዢው የሁለቱን የፊት እግሮች የራጅ ፎቶ ጎን ለጎን እንዲያይ መጠየቁ ተገቢ ነው።